የጋራ ኮርኒስ

ራህመቶ በተቀደደው የኮርኒስ ጥግ በኩል ከነትከሻው ገብቶ ደጋግሞ አስነጠሰ። መሰላሉን የያዘችው ዘመናይ የሚረግፈውን አቧራ ሽሽት ዓይኗን ጨፍና፣ "ቀስ በል፣ ትሰማሃለች" አለችው በሹክሹክታ።

"ማናት የምትሰማኝ?"

"እሷ ናታ። ስሟን እንዳትጠራ ብቻ።"

አይጥ ማጥፋት የራህመቶ እንጀራ ነው። አዳማ ውስጥ፣ ስሟ ከተጠራ ሰምታ በቂሟ ልብስ ትበላለች የሚል ሰው ለእሱ ብርቅ አይደለም። "እትዬ ዘመናይ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሳሳድዳት እሷም የእኔን ስም ሳታውቀው አትቀርም" አለና ባትሪውን አብርቶ መልሶ ጠለቀ።

ዘመናይ አልሳቀችም። የምታንሾካሹከው አይጧን ፈርታ አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲያ ባለቤቷ አስፋው ተኝቷል። ጉልበቱን በጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲነዳ የጨረሰ ሰው ነው፤ ስኳር አልጋ ላይ ካዋለው ወዲህ እግሩን በመርፌ ቢወጉት አያውቅም። ባለፈው ሰሞን ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አይታ ብትገልጠው፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ ተቆርጥሟል። "የአልጋው ብረት ልጦህ ነው" አለችው። ሐኪሙ ግን እሷን ለብቻዋ ወደ ኮሪደር አውጥቶ፣ "የአይጥ ጥርስ ነው። ከደገመችው እግሩን አናተርፈውም" ብሏታል።

ራህመቶ ወረደና በግድግዳው ሥር ተንበርክኮ በጠጧን ተከተለ። አይጥ እንደ ሰካራም ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትሄድ፣ መሀል ሜዳ አትወጣም። ካርቶኖቹን ከግድግዳ አራቃቸው። በፌስታል የተቀመጠውን ሽሮና ዱቄት ክዳን ወዳለው ባልዲ ዘመናይን አስገለበጣት። በቧንቧው ዙሪያ ወዳገኘው ቀዳዳ እስክሪብቶውን ሰደደ፤ ገባለት።

"ይሄ ከገባ እሷም ትገባለች" አለና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ ደፈነው። የበሩን ሥር በቆርቆሮ አጠበበው። ወጥመዶቹን የኦቾሎኒ ቅቤ እየቀባ ግድግዳውን አስጠግቶ ደረደራቸው።

"መርዝስ አታደርግም?"

"ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ብትሸት ማን ያወጣታል? ጋሼ ደግሞ የሚተነፍሱት ይሄንኑ አየር ነው።"

ከመጋረጃው ወዲያ አስፋው ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ አፋር በረሃ ጅብ ጎማዬ ሥር እያደረ ያልነካኝ ሰው፣ ዛሬ ለአይጥ ባለሙያ ይጠራልኝ?"

"ጅብ ይሻላል ጋሼ። ቢያንስ በበር ነው የሚመጣ።"

ዘመናይ ወደ ራህመቶ ጠጋ አለች። "አለቀ በለኛ።"

"የእናንተ ክፍል አልቋል። ላይኛው ነው ያላለቀው።"

የግቢው አራት ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ሥር ናቸው። ግድግዳቸው ጣሪያ አይደርስም፤ በላያቸው የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ቀጥሎ ባለው ክፍል ደግሞ የአንድ ነጋዴ በቆሎ እስከ አፉ ተከምሮ ተቆልፎበታል።

"እዚያ በልታ ትወልዳለች፣ ልጆቿ እዚህ ይወርዳሉ" አለ ራህመቶ። "እህሉ ካልተነሳ የእኔ ሲሚንቶ ሌላ ቀዳዳ እስኪያበጁ ነው።"

"በእኛ ግድግዳ ልክ ወደ ላይ ብትዘጋውስ?"

"ጭቃው ግንብ አይሸከምም። በጨርቅ ብዘጋው ደግሞ ለእሷ ጥርስ ራት ነው። ለጥቂት ቀን እቀንስልዎታለሁ። አጠፋታለሁ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

ዘመናይ አከራዩን ለምናው ነበር። "በቆሎው ከእናንተ የተሻለ ይከፍለኛል፣ ሽንት ቤትም አይጠቀም" ብሎ ተሳለቀባት። ሌላ ቤትም ፈልጋለች፤ ደላሎቹ የአልጋ ቁራኛ መኖሩን ከሰሙ በኋላ ስልኳን አያነሱም።

"ሹክሹክታው ለእኔ ከሆነ ተዉት" አለ አስፋው ከመጋረጃው ወዲያ። "የአልጋው ብረት አለመሆኑን ካወቅሁ ቆየሁ። እግሬ ነው እንጂ የደነዘዘ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ስትግጠኝ እሰማታለሁ።"

ዘመናይ መጋረጃውን ገለጠችው። "ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"አንቺ መቼ ተኝተሽ ታውቂያለሽ፣ አሳዘንሽኝ። እግሬን አዘዝኩት፣ አልንቀሳቀስ አለኝ።"

ራህመቶ መሰላሉን ተሸከመ። "አላህ ያሽርዎት ጋሼ" ብሎ ወጣ። ገና ግቢውን ሳይሻገር ከባልና ሚስቱ ራስ በላይ አቡጀዲው ላይ ኮሽታ ሮጠ፤ ሌላም ተከተለው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ።

"ያንን የመንጃ ጫማዬን አምጪው፣ አጥልቄው ልደር" አለ አስፋው።

"ቁስሉ መታፈን የለበትም ተብለሃል።"

"እንግዲያስ እግሬን ለእሷ ተይላት።"

ዘመናይ ገና ሳይመሽ አልጋውን አነጠፈች። ከራስጌ፣ ከእሱ ትራስ አጠገብ የነበረውን የራሷን ትራስ አነሳችና ወደ ግርጌ ወስዳ ከእግሩ ጎን አስቀመጠችው።