ከማደንዘዣው በፊት የሚሞላ ቅጽ

3.

ከሦስት የጀመርኩት አንድና ሁለት ስሜና ዕድሜዬ ስለሆኑ ነው። ሰናይት፣ አርባ አንድ። እነሱ አያስፈሩም።

4. ክብደት

መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ወገብ ስለካ እውላለሁ፣ የራሴን ከለካሁ ግን ዘመን ሆኖኛል። ሰፈር ውስጥ «ተመችቶሻል» ይሉኛል። ተኝቼ ትንፋሼ ቀጥ እንደሚል አያውቁም። ሐኪሙ ጨጓራዬ በኦፕራሲዮን ካልተቀነሰ ልቤ ብዙ እንደማይገፋ ነግሮኛል።

5. ለሐሙሱ ቀጠሮ ይዘሽ የምትሄጂው

የደም ምርመራ ውጤት።

የልብ ምርመራ ወረቀት።

የምትውጫቸው መድኃኒቶች፣ ከነካርቶናቸው።

ይህ ቅጽ፣ ተሞልቶ።

ፍርሃት። (ብትረሺውም ራሱ ይከተልሻል።)

6. ከሥጋ ዘመድዎ መካከል በማደንዘዣ ምክንያት የተጎዳ ወይም የሞተ ሰው አለ?

☐ አለ     ☐ የለም

አክስቴ አሰለፈች፣ የእናቴ ታናሽ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ትርፍ አንጀት ብለው ሐኪም ቤት አስገቧት፤ አልወጣችም። ለእኛ የተነገረን «ወባ ነው» ተብሎ ነው። ወባና ትርፍ አንጀት ምን እንዳገናኛቸው የጠየቀ የለም። እኛ ቤት ስለ ሞት አይጠየቅም፤ «ቀኗ ደርሶ» ይባልና ይዘጋል።

7. በስልክ

እኔ፦ ሲስተር፣ ስድስተኛውን ባልሞላውስ?

ሲስተር፦ ለምን?

እኔ፦ አላውቀውማ።

ሲስተር፦ የሚያውቅ ሰው ጠይቂያ! ካለ መድኃኒቱን እንለውጣለን። የሚያስፈራው ሳናውቅ ስንገባ ነው።

እኔ፦ የምታውቀው እናቴ ናት። እሷ ደግሞ ኦፕራሲዮን እንደማደርግ አልሰማችም።

ሲስተር፦ እንግዲህ እስከ ሐሙስ ትሰማለቻ።

8.

አንቺ የምታነቢው፣ አትፍረጂብኝ። ቁጥር የምደረድረው ፍርሃት በተራ በተራ ሲመጣ የሚቀል መስሎኝ ነው። አይቀልም። ሁለት ቀን ሙሉ እስክሪብቶዬን «የለም» ላይ አስጠግቼ መለስኩ። አንዲት ጭረት ናት፤ ጭረቷ ግን ልትገድለኝ ትችላለች።

ፈራሁ።

ሞትን ብቻ አይደለም።

እናቴንም።

9. ረቡዕ፣ እናቴ ቤት

እኔ፦ እማዬ፣ እትዬ አሰለፈች በምን ሞተች?

እማዬ፦ በወባ። ዛሬ ደግሞ ምን አስታወሰሽ?

እኔ፦ ኦፕራሲዮን ላደርግ ነው። ለውፍረቱ።

እማዬ፦ በስመ አብ! ምን ጎደለሽ? ለመቅጠን ብሎ ሆድ ማስቀደድ አለ እንዴ? ጹሚ እንጂ!

እኔ፦ እማዬ፣ ተኝቼ ትንፋሼ ይቆማል።

እማዬ፦ ይቆማል?

እኔ፦ እውነት በወባ ነው?

እማዬ፦ የማደንዘዣውን መርፌ ወጓት። ገና ቢላ ሳይነካት ሰውነቷ እሳት ሆነ፣ መንጋጋዋ ተቆለፈ። «በረዶ! በረዶ!» እያሉ ሲራወጡ በዓይኔ አየሁ።

እኔ፦ ታዲያ ለምን ዋሻችሁን?

እማዬ፦ እናቴ አገር ቤት ነበረች። «ልጄን ማን ፈቅዶ አስቀደዳት?» እንዳትል ነዋ። የፈረምኩት እኔ ነኛ!

10.

ሠላሳ አምስት ዓመት። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቴ ቀበሌ ስትሄድ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ነው የምትመለሰው። ማንበብ ትችላለች፤ መጻፍ ግን አልተማረችም ብለን ነበር የምናስበው።

11. ሐሙስ

«አለ» ላይ ምልክት አደረግሁ። የማደንዘዣው ሐኪም አነበበ፣ አብራኝ የመጣችውን እናቴን ደጋግሞ ጠየቃት፣ ወጥቶ ከሌላ ሐኪም ጋር ተማክሮ ተመለሰ። አደገኞቹን መድኃኒቶች ትተው በሌላ ዓይነት እንደሚሠሩ፣ ለክፉም እንደሚዘጋጁ አስረዳን። «አይዟችሁ» አለ።

«ያኔም አይዞሽ ነው ያሉኝ» አለች እማዬ።

ሲስተር አንድ ወረቀት አመጣች፤ የቤተሰብ ፈቃድ። የቀለሙን ሳጥንም ከጎኑ አስቀመጠች። «አሻራም ይሆናል፣ እማማ።»

እማዬ ሳጥኑን ገፋ አድርጋ እስክሪብቶ ጠየቀች። ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች። የእናቴን የእጅ ጽሑፍ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። የፊርማው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ተይው እማዬ» ልላት ፈለግሁ። «ፈርሚልኝ» ልላትም ፈለግሁ። ወረቀቱን ግን እንዳይንሸራተትባት ያዝኩላት።

12.

የፈቃድ ሰጪ ስም፦ ደብሪቱ ጓንጉል

ዝምድና፦ እናት

ፊርማ፦