ቆሞ የሚውል እግር

ፍቅረማርያም ሰመራ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ባለቤቱ የዓለምወርቅ ደግሞ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ በሚበሉበት ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። በሥራ ምክንያት ተለያይተው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። እሱ በበዓልና በዓመት ፈቃድ ይመጣል፤ በቀረው ጊዜ ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ።

አምና የደም ግፊት እንዳለበት ሲነገረው ፍቅረማርያም የእግር ጉዞ ጀመረ። ሰመራ ፀሐይ ከወጣች አያስኬድም፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለሚውል ተስማማው። ቦርጩ ቀነሰ፣ እንቅልፉም ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ «ተራመድ» ማለት ጀመረ፤ ከሁሉም በላይ ሚስቱን።

«እግሬ ያብጥብኛል» አለችው አንድ ማታ።

«ስለማትንቀሳቀሺ ነው» አላት።

የዓለምወርቅ ሞከረች። ለጥቂት ቀናት በጠዋት እየተነሳች እስከ ባቡር ጣቢያው ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ትገባለች፤ ማታ ቤቷ ስትደርስ ጫማዋን ማውለቅ እንኳ ያቅታታል። ተወችው። ለባሏ ግን አልነገረችውም። ሲጠይቃት «አዎ፣ ሄጃለሁ» ትላለች፤ እሱም ደስ ይለዋል።

የዓመት ፈቃዱን ወስዶ አዋሽ በመጣ ማግስት ገና ሳይነጋ ቀሰቀሳት።

«ተነሺ ወርቄ፣ አብረን እንሂድ።»

ትራሷ ላይ እንደተጋደመች «እኔ መሄድ ካቆምኩ ቆየሁ» አለችው።

«ታዲያ ስትነግሪኝ የነበረው?»

«ውሸቴን ነው።»

ፍቅረማርያም ተናደደ። «እኔ ለጤናሽ ብዬ!» አለ። እሷ ለብሳ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ምሳ ሰዓት ላይ ንዴቱ በረድ ሲል ወደ ሆቴሉ ሄደና ምግብ የሚወጣበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። አውቶቡሶቹ ተከታትለው ገቡ። በመስኮቱ በኩል ሚስቱን ያያት ነበር። ጥብስ ታገላብጣለች፣ ሳህን ታቀብላለች፣ ሽንኩርት ጨረሳችሁ ብላ ትጮሃለች። ከምድጃው ብዙም አትርቅም፤ ግን አንድም ጊዜ አልተቀመጠችም። ሰውነቷን ከቀኝ እግሯ ወደ ግራ፣ ከግራው ወደ ቀኝ እያዘዋወረች ትቆማለች። ያዘዘው ምግብ ቀርቦለት ሳይበላው ቀዘቀዘ።

ሥራ ቀለል ሲል ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ» አላት።

ነርሷ ሃፍሳ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። የዓለምወርቅን እግር ነካ ነካ እያደረገች አየችና ሥራዋን ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ ፍቅረማርያም ዞረች።

«መራመድ ጥሩ ነው፣ ለአንተ። እሷ ግን እግሯ ላይ ነው የምትውለው። ደሙ ወደ ታች ወርዶ ይቀራል። ጋደም ብላ እግሯን ወደ ላይ ታንሳ፣ ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። ቆየት ብዬ ሆዷንና ወገቧን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እጨምርላታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ይሄ ስፖርት ይባላል?» አለ ፍቅረማርያም።

«አንተ ራስህ ሞክረውና ንገረኝ» አለች ሃፍሳ።

እቤት ሞከረው። ሰሌን ላይ ተጋድሞ እግሩን ግድግዳው ላይ ሊዘረጋ ቢል ጉልበቱ አልቃና አለው። የዓለምወርቅ አጠገቡ ተኝታ ሁለት እግሮቿን ቀጥ አድርጋ ሰቅላለች። አየችውና ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

«ደስ ስለሚልህ ነው የዋሸሁህ» አለችው፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሳ።

«ገባኝ» አላት።

ፈቃዱ አልቆ ወደ ሰመራ ተመለሰ። የዓለምወርቅ የምሳው ግርግር ሲያልፍ የሆቴሉ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሰሌን ዘርግታ ትጋደማለች። መጀመሪያ የሥራ ጓደኞቿ ታመመች ብለው ነበር። በኋላ ካሰች የምትባለው ሳህን አጣቢ የራሷን ሰሌን ይዛ መጣች። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ አውቶቡስ በሚበዛበት ቀን መጋደሚያ ጊዜ ስለማይገኝ ይመለሳል። በሌሎቹ ቀናት ግን የዓለምወርቅ ጫማዋን ሳትቸገር አውልቃ፣ እግሯን ታጥባ፣ እራቷን ትበላለች።