ከቤይሩት የተከተላት ደወል

ጂቱ ከቤይሩት ወደ ሱሉልታ ከተመለሰች አምስት ወር ቢሆናትም የማዳሟ ደወል ከጆሮዋ አልወጣም። ልብስ ስታጥብ ወይም ላም ስታልብ ድንገት ይጮህባታል። ያኔ የያዘችውን ጥላ ብድግ ትልና «እሺ ማዳም» ትላለች፤ በረቱ ውስጥ ከላሟ በቀር ማንም የለም። በሠራተኝነት በኖረችበት በቤይሩቱ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ «አብዳ» ነበር የሚሏት። ባሪያ ማለት ነው፤ ጥቁር በመሆኗ ያወጡላት ስም።

በስሟ የምትጠራት ሌላዋ ሠራተኛ፣ ስሪላንካዊቷ ኩማሪ ብቻ ነበረች። ኩማሪ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ጥግ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጥና ትንፋሿን ታዳምጣለች። ጂቱንም አስተማረቻት።

«የእኛ መምህር ሰው የሚከብረው በዘሩ ሳይሆን በሥራው ነው ብሏል» አለቻት በተሰባበረ ዓረብኛ። «ደወሉ ሲጮህ መጀመሪያ ሦስቴ ተንፍሺ። ጉልበትሽን ይዘዙት፤ ልብሽን ግን አትስጫቸው።»

ኋላ ኩማሪ ታመመች። ሐኪም የጠራላት የለም። በሦስተኛው ቀን እያጣጣረች «ጂቱ፣ ውኃ» አለች። ወዲያው ደወሉ ጮኸ። ጂቱ ወደ ደወሉ ሮጠች። ስትመለስ ኩማሪ አልቆላት ነበር።

ይህን ለእናቷ ለወርቅቱ አልነገረቻትም። ወርቅቱ ግን ልጇ ብቻዋን ስታወራ እያየች «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጸበል እንሂድ» አለቻት። ጂቱ ሰባት ቀን ተጠመቀች። እንቅልፍ መጣላት፤ ደወሉ ግን አልተዋትም።

አንድ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ እንደ ድሮው እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ደወሉ ጮኸ። አልተነሳችም። ሦስቴ ስትተነፍስ አጠገቧ ሌላ ትንፋሽ ሰማች፤ የሚያጣጥር ትንፋሽ። ልትሮጥ ፈለገች፤ አልሮጠችም።

«አሁን አለሁ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ያን ቀን ጥዬሽ ሄድኩ። ይቅር በዪኝ።»

ያ ትንፋሽ ቀስ በቀስ እየረገበ ሄደ። ጂቱ ግን ማልቀስ ጀመረች።

ወርቅቱ ለቅሶውን ሰምታ መጣች። «ከማን ጋር ነሽ?»

ጂቱ ሁሉንም ነገረቻት። ወርቅቱ ሲያልቅ አማተበችና «የኩማሪ እናት ታውቃለች?» ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም።»

ወርቅቱ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ በሁለታቸው መካከል የአንድ ሰው ቦታ ትታ ተቀመጠች።

ደወሉ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጮሃል። ጂቱ ትሰማዋለች፤ ላሟንም አልባ ትጨርሳለች።