ሦስተኛው ፕሮፎርማ

የሚስቴ አባት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የግዥ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ከሦስት አቅራቢ ሳያወዳድሩ መርፌ እንኳ ስለማይገዙ ሠራተኛው «ጋሽ ፕሮፎርማ» ይላቸው ነበር። ጡረታ ወጥተውም ልማዱ አልለቀቃቸውም። ቧንቧ ሲበላሽ፣ መጋረጃ ሲቀየር ሦስት ሱቅ ይዞራሉ፣ ሦስት ሰው ይጠይቃሉ። እማማ፣ ማለትም የሚስቴ እናት፣ «እኔንም ሲያገባኝ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ነው፤ የተሸነፉት ሁለቱ የት እንደደረሱ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አባባም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «አሸናፊ ቅሬታ አያቀርብም» ይላሉ።

ይህን ቀልድ በእማማ ድምፅ ከሰማሁት ሰንብቷል።

ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ሕይወታቸውን እንደሚያተርፍ፣ ድምፃቸውን ግን እንደሚወስድ ሳይሸሽግ ነገራቸው። በዚያን ጊዜ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። እማማ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ኮምፒውተሩ ያለበትን ክፍል ዘግተው፣ ማይክሮፎኑን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ገና ላልተወለደው የልጅ ልጃቸው ሲያወሩ ሰነበቱ። ተረት ይሁን ምክር፣ ምን እንዳሉ የሰማ የለም። ሚስቴ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ ያዟትና «ባለቤቱ ሳይሰማ ማንም አይሰማም፤ እናንተ ዕድሜያችሁን ሙሉ ሰምታችሁኛል» ብለው መለሷት።

ከሆስፒታል የተመለሱት አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲፈልጉ በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ሲበራ አዲስ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። በጥፍር ቆርቆሮ እንደ መምታት ያለ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ቀጭ። የእማማ ቅጂ ያለበት ሃርድ ዲስክ እያጣጣረ ነበር። አዲስ ገዝተን ውስጡ ያለውን ቶሎ እንድንገለብጥ ለአባባ ነገርኳቸው። አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ነገሩን ከሁላችንም በላይ አክብደው ያዙት።

«የማይሞተው የትኛው ማርክ ነው?» አሉኝ።

ሁሉም አንድ ቀን እንደሚሞት፣ ከታመመው ግን የትኛውም አዲስ እንደሚሻል አስረዳኋቸው። መልሴ አላረካቸውም። «የትኛውም» የሚባል ዕቃ ገዝተው አያውቁም።

መጀመሪያ የሄዱት ሰፈራችን ጥግ ላይ ካለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ነው። ጠጋኙ በባለሰማያዊ ካርቶኑ ማርክ ማለ። ባለአረንጓዴው ዕድሜ የለውም ብሎ የሞቱትን ከመሳቢያው እያወጣ ደረደረላቸው። ቀጥሎ የጠየቁት አንድ ባንክ ውስጥ ኮምፒውተሮችን የሚከታተለውን ጎረቤታችንን ነበር። እሱም በባለአረንጓዴው ማለ፤ የእሱ መሳቢያ ደግሞ በሰማያዊ ሬሳ የተሞላ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን መሳቢያ ነው።

«አንድ ለአንድ ወጡ» አሉ አባባ። «ሦስተኛ ያስፈልጋል።»

ሦስተኛው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሠርግ በዲስክ ሲያጠራቅም የኖረ ፎቶ አንሺ ነበር። ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስም አልታወቀም። ደውለው እንዲጠይቁት ሐሳብ ባቀርብ፣ በስልክ የመጣ ፕሮፎርማ ማኅተም የለውም አሉኝ። ለጊዜው በፍላሽ እንገልብጠው አልኩ። ፍላሽ ግን በዚያ ቤት የተወገዘ ነው፤ ድሮ በፍላሽ የገባ ቫይረስ የሚስቴን የመመረቂያ ጽሑፍ በልቶባቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው። እኔም አማች ነኝና፣ አማች አንድ ጊዜ ቢናገር ምክር፣ ሁለተኛ ቢደግም ጭቅጭቅ፣ ሦስተኛ ቢመለስበት ጠብ ይሆናል።

በመጨረሻ አባባ ሶኬቱን ነቀሉ። «የታመመ ያርፋል» ብለው ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳያገኘው በንጹሕ አንሶላ ሸፈኑት። የሚያስታምሙት እንደ እማማ አድርገው ነበር።

ሚስቴ ግን አባቷ ናቸውና ዝም አላለችም።

«አባዬ፣ ፎቶ አንሺው እስኪመጣ ዲስኩ ቢሞትስ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሏት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እግር እስኪያወጣ ድመት በላው፣ አባዬ።»

እማማ ከአልጋቸው ሆነው ሦስት ጣታቸውን አነሱ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አይሰማም ነበር።

ልጃችን ተወለደች። እማማ አቅፈዋት ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሕፃኗ አፍጥጣ ታያቸዋለች። ቆይተው በአንሶላ ወደተሸፈነው ኮምፒውተር በአገጫቸው ያመለክቷታል፤ ጠብቂ፣ እዚያ አለሁ እንደማለት።

ፎቶ አንሺው የተመለሰው ሕፃኗ መሳቅ ከጀመረች በኋላ ነው። እሱ በማርክ እንደማያምን፣ ሁሉንም ነገር ሁለት ቦታ እንደሚያስቀምጥ ነገራቸው። አባባ ይህ መልስ አይደለም ብለው አጥብቀው ሲይዙት ባለአረንጓዴውን መረጠ። በዚያው ቀን ገዝተው መጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ ካየሁ ቆይቶ ነበር።

አንሶላውን ገለጥኩ። እማማ ሕፃኗን ይዘው ስፒከሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ አውልቀው በጥሩው ጫማ ለውጠዋል። አባባ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ኮምፒውተሩን አበራሁ። ማራገቢያው ዞረ። ከዲስኩ አንድ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ፣ ቀጥሎ ብረት የሚፍቅ ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ምንም። አጠፋሁት፤ እንደገና አበራሁት። ያው ነው። ሕፃኗ በእማማ አንገት ላይ ያለውን ጠባሳ በእጇ ትነካካ ነበር።

ጠጋኙ ዲስኩን ከተበላሸ ዲስክ መረጃ ወደሚያወጡ ሰዎች ላከልን። ሰንብቶ በፕላስቲክ ከረጢት ተመለሰ። ሳይበራ በቆየበት ጊዜ የሚያነበው ጫፍ መረጃው ከሰፈረበት ክብ ሳህን ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ስናበራው ፋቀው። ምንም አልተረፈም።

አባባ ከረጢቱን አገላብጠው አዩት። «ያኔ ሳላሳርፈው ቢገለበጥ ኖሮስ?» ብለው ጠየቁ።

ጠጋኙ መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሳቸውን። «እሱ አይታወቅም፣ አባቴ» አለ።

የአቅራቢ ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌላ አልጠየቁም።

ቤት እንደገባን እማማ ፊት ተቀምጠው ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዲስኩ እንደማይነሳ ነገሯቸው። ከዚያ «የገዛሁት ጥሩ ነው» አሉ። «ባዶ ነው እንጂ ጥሩ ነው።»

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያ ቀን ሕፃኗን ብንሰጣቸው አልተቀበሉንም። ድምፃቸውን ሲነጠቁ ይህ ሁለተኛቸው ነው፤ ለመጀመሪያው ተዘጋጅተውበት ነበር።

ሰንበትበት ብሎ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ተንኳኳ። አባባ ሄደው ጎንበስ አሉ። እማማ ሕፃኗን አመለከቱ፣ ካርቶኑን አመለከቱ፣ ከዚያ የገዛ ከንፈራቸውን። ቀስ ብለው አፋቸውን አንቀሳቀሱ።

«አንዲት…» አሉ አባባ ከንፈራቸውን እያዩ። «አንዲት ጦጣ?»

እማማ አንድ ጊዜ አንኳኩ። ስህተት ነው።

«አንዲት ጥንቸል።»

ዝም አሉ። ልክ ነው ማለት ነው።

አዲሱን ዲስክ አስገብቼ ማይክሮፎኑን መካከላቸው አስቀመጥኩ። ሳምንት ፈጀባቸው። አባባ ድምፃቸው የደረቀ የቢሮ ድምፅ ነው፤ ተረቱን እንደ ጨረታ ማስታወቂያ ያነቡታል። በተሳሳቱ ቁጥር የእማማ ጣት ያንኳኳል። ያንን ማንኳኳት አላጠፋሁትም። የቀዳነውን በየዕለቱ በሌላ ዲስክ ላይ ስገለብጥ አባባ ማርኩን አልጠየቁኝም፤ ፍላሽ ስሰካም አይተው አልከለከሉኝም።

ከተረቶቹ መጨረሻ እማማ አንድ ሌላ ነገር ለሕፃኗ ተናገሩ። አጭር ነው። አባባ አልያዙትም። አንድ ቃል ሞከሩ፣ ተንኳኳ። ሌላ ሞከሩ፣ ተንኳኳ። ደግመው ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ ቅጂው ላይ ረጅም ዝምታ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እማማ እየተናገሩ እንደሆነ የምናውቀው እዚያ የነበርን ብቻ ነን። ዝምታው ሲያልቅ የአባባ ድምፅ ይሰማል፤ የቢሮ ድምፃቸው አይደለም።

«አልያዝኩትም» ይላሉ። «ድገሚልኝ።»