ወፍራሞቹና ዶክተሩ

ሰፈሩ «ዶክተር» ይላቸዋል እንጂ ዶክተር አልነበሩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በተቅማጥ ውሃ ያለቀባቸው ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነርስ ነበሩ። የሕፃኑን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ይለቃሉ፤ ቆዳው ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ ይሰጣሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ነው፤ እጃቸው ሌላ ሕክምና አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አንዲት ልጃቸውም ቀድሞ፣ እናቷ በሕይወት ሳሉ፣ ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ስትሄድ በመስኮቱ ደፍ ላይ የደረደረቻቸውን ተክሎች አደራ ሰጥታቸው ሄደች። ቅጠላቸው ድብልብል ያለ፣ ውሃ በሆዳቸው የሚቋጥሩ ናቸውና «ወፍራሞቼ» ትላቸዋለች። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ድሮ ስልኩ ከእናትየው እጅ አይወጣም ነበር፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን ወሬ ጠፋ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ከዚያ ወዲያ ያለው የወፍራሞቹ ወሬ ነው። እነሱ ባይኖሩ ስልኩ ምን ተብሎ ይደወላል? ሰውየው ይህን አስበውት ያውቃሉ።

አንድ ቀን ልጄን ደስ ይበላት ብለው ሰፋፊ ሸክላ ገዙ፤ ፍግ የጠገበ ጥቁር አፈር ሞልተው ወፍራሞቹን ከጠባቡ ሸክላ አዛወሯቸው። ቤት የቀየረ ሰው ለጊዜው ግራ ይገባው የለ? እነሱም ትንሽ ሸብሸብ አሉ። ሰውየው አንዷን ቅጠል ቆንጠጥ አድርገው ለቀቋት፤ አልተመለሰችም። ውሃ አንሷታል አሉና በጆግ አጠጡ። በማግስቱም አጠጡ። እያጠጡም ያወሯቸዋል፣ ሌላ የሚያወሩት ማን አለና። ቅጠሎቹ ግን መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ፣ ቀጥሎ ልፍስፍስ አሉ፤ ጣት ገና ሲነካቸው ይረግፉ ጀመር።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። ለመዋሸት አስበው ነበር፤ ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ልጄ፣ ወፍራሞችሽን ገደልኳቸው መሰለኝ።»

ያደረጉትን ከሀ እስከ ፐ አስተረከቻቸው። ከዚያ ተነፈሰች። «አባዬ፣ እነሱ እኮ አልጠማቸውም፤ ሰጥመው ነው። አሁኑኑ ከአፈሩ አውጣቸው።»

እንዲህ ተጀመረ። ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ትደውላለች፤ እሳቸው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና እንደታዘዙ ይሠራሉ። ጭቃውን ከሥሩ አራገፉ። የጠቆረውንና የሚሸተውን ሥር፣ ምላጩን በአልኮል እየጠረጉ፣ ነጩ እስኪመጣ ቆረጡ። የተረፉትን ጋዜጣ አንጥፈው ጥላ ውስጥ አስተኟቸው።

«አሁንስ ምን ልስጣቸው?»

«ምንም። ቁስሉ እስኪጠግግ ውሃ የለም፣ አፈር የለም።»

ዕድሜ ልኩን ሲያጠጣ ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ትዕዛዝ የለም። «በእኛ ዋርድ እንዲህ ብናደርግ ኖሮ እስር ቤት ነበርን» አሏት። ሳቀች። አሳሳቋ ቁርጥ የእናቷን ነው፤ እሳቸው ይህን ከዚያ በፊት ልብ አላሉትም ነበር። ደግሞ ወሬው ከሥርና ከቅጠል እያመለጠ ወደ ሌላ ይሄዳል። አለቃዋ ነገረኛ መሆኑን፣ ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ እናቷን የምትመስል ሴት አይታ ስትከተላት መዋሏን ነገረቻቸው። ሰውየው ምላጩን እንደያዙ ሰሟት።

ቁስሉ ጠገገ። አሸዋና ጠጠር በበዛበት አፈር፣ በትንንሽ ሸክላ ተከሏቸው። ሰንብተው አዲስ ቅጠል ብቅ ብቅ አደረጉ።

«አየህ፣ ድነዋል» አለች ልጅቱ። «እንግዲህ አትነካካቸው፤ እነሱ የሚወዱት ሲተዋቸው ነው። እኔም ሥራ በዝቶብኛል፣ እንደ ድሮው እሁድ እሁድ እደውላለሁ።»

እሁድ ደወለች። «ወፍራሞቹስ?» «ደህና ናቸው።» አለቀ። በቀጣዩ እሁድ ደክሟት ተኝታ ሳትደውል ቀረች። በልጅቱ አይፈረድም፤ ደህና ነው የተባለን ነገር በየቀኑ የሚጠይቅ የለም። ሰውየው ግን ስልኩን እያገላበጡ ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ አዩ። አልተዘጋም።

ተነሥተው ጆጉን ሞሉ። የመረጡት ከሁሉም ያማረባትን ነው። ከሸክላው በታች እስኪፈስ አጠጧት፣ ሳህን ከሥሯ አድርገው ውሃ ውስጥ አቆሟት። በሥራ ዘመናቸው በሽተኛ ሆን ብለው ጎድተው አያውቁም። በየጠዋቱ ሳህኑን ሞሉት፤ ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ፎቶ አንስተው ላኩ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«አባዬ፣ ምን ሆነች? አጠጣሃት እንዴ?»

«አጠጣኋት።»

«አታጠጣ አላልኩህም? ረስተህ ነው?»

«አልረሳሁም።»

ከወዲያ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ሰውየው አሁን ትዘጋለች ብለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው ያዙት።

«እያወቅክ ነው?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እያወቅኩ ነው፣ ልጄ።»

አልዘጋችም። አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ሰሙ።

«በል አውጣት» አለች። «እስክትጨርስ እዚሁ ነኝ።»