የፔና አፍንጫ

ያን ዓመት በጎርኖ ስሊቮቮ መንደር የፕሪሙ ዛፍ ሁሉ ያበደ ይመስል ነበር። ቅርንጫፍ እስኪሰበር አፈራ። ሰዉ ለቅሞ በየበርሜሉ ጠነሰሰና ድፍድፉ ልክ ለአረቄ ሲደርስ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ በኮሮና ምክንያት የግድ አስፈላጊ ከሆኑት በቀር ሥራ ቤት ሁሉ ይዘጋ።

ፔና ወሬውን የሰማችው ካዛኑን ስታጥብ ነው። ካዛን የሚሉት መንደሩ በሙሉ ድፍድፉን እያመጣ አረቄ የሚያወጣበትን ትልቅ የመዳብ ጋን ነው፤ ቤቱንም በዚያው ስም ይጠሩታል። አማቷ ሲሞቱ ለልጃቸው ለራንጌል ተዉለት፤ ራንጌል ደግሞ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ስለሆነ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጥቶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ እሳቱን የምታነድ ፔና፣ የምታሸት ፔና። አረቄ ሲወርድ መጀመሪያ የሚመጣው መርዝ ነው፣ ይደፋል። መሀሉ ይጠጣል። መጨረሻው ይገማል። የቱ ጋ እንደሚቆረጥ የምታውቀው በአፍንጫዋ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉትም በዚሁ ገቢ ነው። ድፍድፉ ጥቂት ቀን ከዘገየ ኮምጣጤ ይሆናል፤ ያን ሁሉ በርሜል ኮምጣጤ ማን ይፈልገዋል?

“ይዝጉትና እናያለን!” አለች። ብሩሹን ወርውራ ወጣች።

ከንቲባው ቬሊን ስብሰባውን የጠራው ከአዳራሹ ውጭ ሜዳው ላይ ነው። ተራራቁ ስለተባለ ሰዉ ተራርቆ ቆሟል፤ ስለተራራቀም ይጯጯሃል። ማስኩን ግማሹ አገጩ ላይ፣ ግማሹ ክንዱ ላይ አጥልቆታል።

“ዳቦ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ሳኒታይዘር የሚያመርት፤ ሌላው ይዘጋል” አለ ቬሊን ስልኩን እያየ። “እኔን እንዳትቆጡኝ፣ ትእዛዝ ነው።”

“ታዲያ እኔ ምን የማመርት መሰለህ?” አለች ፔና። “ጀርም የሚገድል አይደል? የጋሽ ዶብሪን የሆድ ትል ማን ገደለው?”

“እውነቷን ነው” አሉ ጋሽ ዶብሪ። ግማሽ ሳንባቸውን ማዕድን ማውጫ ውስጥ ጥለው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። “እኔንም አብራ ልትገድለኝ ነበር እንጂ።”

ሰዉ ሳቀ። ቬሊን ራሱን አከከ። “እሺ፣ ሳኒታይዘር ነው እንበል። እንደሱ ከሆነ ግን ሰው እንዳይጠጣው ሰማያዊ ቀለምና መራራ ነገር ይጨመርበት ይላል።”



“ምን ይጨመርበት?” አሉ ጋሽ ዶብሪ።

“ሰማያዊ ቀለም።”

“ልጄ፣ አባትህን አውቃቸዋለሁ። የተከበሩ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም።”

“ሳኒታይዘር አይደለም! ምግብ ነው፣ ምግብ!” እያለ ሕዝቡ ጮኸ።

“ምግብ ከሆነማ ንጽሕና ይጠየቅበታል” አለች ጌርጊና። የራንጌል እህት ናት፤ ካዛኑ ለእኔ ነበር የሚገባው እያለች ከፔና ጋር ስትናቆር ዕድሜዋን የፈጀች። “የእሷ አረቄ እኮ መዳብ መዳብ ይላል።”

“አንቺ ደግሞ ቅናት ቅናት ትያለሽ!”

ይሄን ጊዜ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ኔዳ ወደ መሀል ገባች። “ምግብም በሉት ቀለም፣ ለእኔ አንድ ነው። ካዛን ቤት ሰዉ እሳት ዳር ተጠጋግቶ ሲያወራ ይውላል። ይከፈት ከተባለ የሚገባ ሁሉ ይመርመር፤ መመርመሪያው ይኸው” ብላ ቀጭኗን እንጨት ከፍ አድርጋ አሳየች። ሕዝቡ በአንድ ልብ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

“እሱ እንጨት እስከ አንጎል ነው የሚዘልቀው አሉ!” አለ ዳቦ ጋጋሪው።

“አንተ ምን አሰጋህ? የሚነካው ነገር አያገኝ!” አለችው ጌርጊና።

ፔና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “ስሙኝማ። ኮሮና የያዘው ሰው ሽታ አይሸተውም ይባል የለ? ታዲያ አፍንጫ ምን ያስቆፍራል! በሩ ላይ ብርጭቆ እደረድራለሁ፤ አንዱ አረቄ፣ ሌላው ውሃ። አሽትቶ የለየ ይገባል፣ ያልለየ እቤቱ ይተኛል። አለቀ።”

“እትዬ ፔና፣ እየሸተተውም የሚታመም አለ እኮ” አለች ሲስተር ኔዳ። ማን ሰምቷት! ሰዉ አጨበጨበ። ብርጭቆና የአምና አረቄ መጣ፣ ጠረጴዛ ወጣ። ማታለል እንዳይኖር የምትቀዳው ጌርጊና ትሁን ተባለ፤ የመንደሩ አንደኛ አፍንጫ ፔና ናትና እሷ ትጀምር ተባለ።

ፔና ማስኳን አውልቃ፣ ደረቷን ነፍታ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳች። ውሃ። ሁለተኛውን አነሳች። ውሃ። ሦስተኛው ውስጥ አፍንጫዋን ነከረችው። ውሃ።

“አንቺ ጌርጊና! ሦስቱንም ውሃ አድርገሽ ልታዋርጅኝ ነው?”

“ኧረ እኔን እዚህ ድረስ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነው!” አሉ ጋሽ ዶብሪ። ሰዉ ፔና የቀለደች መስሎት ሳቀ።

ፔና አልሳቀችም። ጠዋት ሾርባዋ ጨው አነሰው ብላ ስትጨምር፣ ራንጌል “ባሕር ልታጠጪኝ ነው?” ብሎ ተነጫንጮ ነበር። ራሷንም ሲያማት ነው ያደረው፤ እሷ ግን ከምድጃው ጭስ ነው ብላ ትታው ነበር። በርሜሎቹ ባይኗ ላይ ዞሩ፤ የሷ፣ የጎረቤቱ፣ የመንደሩ ሁሉ፣ እየኮመጠጡ።

ግን አረቄ የሚታወቀው በሽታ ብቻ አይደለም። ጥሩ አረቄ ሲነቀነቅ ጠርዙ ላይ እንደ ጨሌ ተሰክቶ አረፋ ይይዛል። ብርጭቆዎቹን እንደ ዋዛ አንድ በአንድ ነቅነቅ አደረገቻቸው። የመጨረሻው ጨሌውን አወጣ።

“ይቺ ናት!” አለች።

ጭብጨባው ቀለጠ። “ይከፈት!” አለ ቬሊን፤ ራሱም ቤት በርሜል አለው። ጋሽ ዶብሪ ተራቸው መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው መጡና ያችኑ ብርጭቆ ከእጇ ተቀበሏት። “እኔ የማሸተው በምላሴ ነው” ብለው ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ፔና የራሷን ትንፋሽ ብርጭቆው ላይ ጉም ሆኖ አየችው። ዝም ብትል ካዛኑ ነገ ይነዳል። ዝም ብትል።

በጥፊ መታችው። ብርጭቆው በሮ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ።

“አይጠጡት! አይሸተኝም! ምንም አይሸተኝም፣ አረፋውን አይቼ ነው!”

ጋሽ ዶብሪ የፈሰሰውን መሬት በሐዘን ተመለከቱ። “ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ብርጭቆውን አስቀምጠው ነበር እኮ፣ ልጄ።”

ሲስተር ኔዳ እንጨቷን ፔና አፍንጫ ውስጥ አዞረች። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ይዟታል።

“እስከ አንጎል ይዘልቃል?” አለ ዳቦ ጋጋሪው።

“አይዘልቅም፣ ፈሪ!” አለች ፔና ዓይኗን እየጠረገች።

የፔናን አፍንጫ የጣለ ነገር የማንንም አይምርም ብለው ይመስላል፣ ቅድም ያፈገፈጉት ሁሉ ሳይጠሩ ተሰለፉ። ሌላ የተገኘበት የለም፣ እንቅልፉን አቋርጦ ከመጣው ከራንጌል በቀር።

“ነጻ የሆነው አንድ አንድ እየሆነ ይግባ፣ በሩ ተከፍቶ ይዋል” አለች ሲስተር ኔዳ። ቬሊንም ተስማማ። “ግን ማን ያሸትታል?” አለ።

ሁሉም ጌርጊናን አየ። ፔና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ቁልፉን ጨብጣ ቆመች፤ ሞታ ብትቀበር ይሻላት ነበር። ቆየችና ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሲስተር ኔዳ ሳኒታይዘር ረጨችበት።

“ብታሳርሪው ግን...” አለች ፔና።

“አታስተምሪኝ! በአባቴ ካዛን ቤት ነው ያደግሁት” አለች ጌርጊና፤ ቁልፉን ግን በሁለት እጇ ነው ያነሳችው።

የፔና መስኮትና የካዛኑ በር መንገድ ለመንገድ ይተያያሉ። በማግስቱ ፔና ብርድ ልብስ ተከናንባ መስኮቱ ላይ ተሰየመች፤ ራንጌል ከኋላዋ ያንኮራፋል።

“ጀመረ!” ብላ ጮኸች ጌርጊና ብርጭቆ ይዛ።

“ምን ይሸታል?”

“የጥፍር ቀለም!”

“ድፊው! አሁንስ?”

“አሁንም!”

“ድፊው አልኩሽ! ቶሎ ቶሎ አሽቺ!”

ጌርጊና ገባች፣ ወጣች። በመጨረሻ በሩ ላይ ቆማ ብርጭቆውን ደጋግማ አሸተተች።

“ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ!”

“ፕሪም...” አለች ጌርጊና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር የሚወድቀው፣ ፀሐይ ሲመታው።”

ፔና ዓይኗን ጨፍና አየር ሳበች። ምንም የለም። “እሱ ነው” አለች። “እሱን በዕቃ ተቀበዪው፣ እሳቱን እንዳትነኪው።”

ከሰዓት በኋላ ጌርጊና እየሮጠች ወጣች። “ተለወጠ!”

“ምን ምን ይላል?”

“እንዴት ልበልሽ... የራንጌል ካልሲ!”

“ዝጊው! ዝጊው በይ፣ አበላሸሽው!” ፔና ልትወድቅ እስክትደርስ በመስኮቱ ተንጠለጠለች። ጌርጊና ሮጣ ዘግታ ስትመለስ ግን ፔና ሌላ ነገር ትዝ አላት። “ቆይ ቆይ፣ አንቺ የባሌን ካልሲ የት አሸተትሽው?”

“አንቺ እስክትመጪ ማን ሲያጥብለት የኖረ መሰለሽ?” አለች ጌርጊና፣ ብርጭቆውን ሽርጧ ላይ እየጠረገች።