አስራ አንድ ቁጥር ማሊያ

ቡድናችን ቤዝቦል የሚጫወተው ወዶ አይደለም። በስደት በምንኖርበት ሬክስዴል ሰፈር የእግር ኳስ ሜዳ ስንጠይቅ ለቅዳሜ ጠዋት የተረፈው የቤዝቦል ሜዳ ብቻ ነው ተባልን። መጀመሪያ ዱላውን የምንይዘው እንደ ገና ጨዋታ ነበር። በኋላ ለመድነው፤ ማሸነፍም ጀመርን። እኔ ሙሉነህ መምታት ስላልሆነልኝ የማሊያ ቦርሳ ያዥ አደረጉኝ።

ከዚያ ፋሩቅ ሞተ። አስራ አንድ ቁጥር ለባሽ ነበር፤ ከጨዋታ ሲመለስ 401 አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ሌሊቱን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሲሠራ አድሮ በቀጥታ ወደ ሜዳ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» የሚል ማን ነው? ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው። «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን ተነሳን።

ማሊያውን ክብረት ወሰደው። እሱም የሌሊት ሠራተኛ ነበር፤ በዓመቱ እሱም ከጨዋታ ሲመለስ በዚያው መንገድ ሞተ። አሁን «ቀኑ ደርሶ» አላዋጣም። አምበላችን ብሩኪ «ቁጥሩ ነው!» አለ፤ ሁሉም ተቀበለው። እውነቱን ለመናገር ገላገለን። ቁጥር ቢወቀስ አይከፋው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ማሊያው ላይ ጠበል ተረጨ፣ ተጫዋቻችን ተማም ዱዓ አደረገበት፤ ያም ሆኖ ደፍሮ የሚለብሰው ጠፋ። እኔም ከቦርሳው ታች ቀበርኩት።

ዘንድሮ ኖላዊ የሚባል አዲስ ተጫዋች መጣ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ እዚያው ዌርሃውስ ሌሊት ይሠራል። የቀረን ማሊያ ያ ብቻ ነበር። ብሩኪ ግን «ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ አዲስ አስራ ሁለት ቁጥር አሠራለት። ልባችን ዐረፈ።

ባለፈው ቅዳሜ አሸነፍን። የክብረት ሚስት ሰገነት ልታየን መጥታ ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሜዳውን ረግጣ አታውቅም ነበር። ጨዋታው አልቆ ኖላዊ አግዳሚው ላይ ጫማውን ሲያወልቅ፣ አንድ እግሩን እንደያዘ አንቀላፋ። ሳቅንበት። ሳቃችን ሲቀሰቅሰው ተነሳና የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወደ ፓርኪንጉ አመራ።

ሰገነት መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ቁልፉን አምጣ።»

«እትዬ ሰገነት፣ አያስቡ፣ ፋይን ነኝ። መንገድ ላይ ኮፊ እይዛለሁ።»

«አትጨነቂ ሰጊ፣ አስራ አንድን አላለበስነውም» አለ ብሩኪ።

ሰገነት ወደኛ ዞረች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ባሌን ቁጥር ነው የገደለው? ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲሸከም አድሮ፣ ሳይተኛ ተጫውቶ፣ ሳይተኛ ነዳ! እንቅልፍ ነው የገደለው። ፋሩቅንም እንቅልፍ ነው። ያኔ አንዳችሁ ደፍራችሁ ብትናገሩ ክብረት ይሰማ ነበር። ሙት ወቃሽ በሉኝ! ባሌ ነው፣ እኔ ልውቀሰው!»

ብሩኪ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። እኔ ፊቴ በሀፍረት ጋለ።

«ያን ማሊያ አምጣው» አለችኝ።

ከቦርሳው ታች አወጣሁት። ተቀብላ «ልበሰው» ብላ ለኖላዊ ሰጠችውና ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። እሱም ብሩኪን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አስራ ሁለትን አውልቆ አስራ አንድን ለበሰ።

በእኔ መኪና ወሰድነው። እሷ ከኋላ አብራው ተቀመጠች። ገና ከፓርኪንጉ ሳንወጣ እንቅልፍ ጣለው፤ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አልገፋችውም። በመስተዋቱ ሳያት እንባዋ ይወርዳል።

«ክብረትም አፉን ከፍቶ ነበር የሚተኛው» አለች።

401ን ትቼ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ እንዳይነቃ ቀስ እያልኩ ነዳሁ።